ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ልጆችና የሽንት ችግር፦ የሐዋሳ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት በሐዋሳ የሚኖሩ ወላጆችና አሳዳጊዎች ስለ ልጆቻቸው ሽንት ሲያማክሩ አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። አብዛኞቹ በለሆሳስ የሚጠየቁ ናቸው፤ ስለ ልጇ ሳል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታስረዳ የቆየች እናት ወደ ሽንቱ ጉዳይ ስትደርስ ዝቅ ታደርገዋለች፣ ልጁም ወለሉን መመልከት ይጀምራል። ሽንት የሚያመልጠው ልጅ ሰንፎ ወይም እልህ ይዞት አይደለም፤ መልሶቹ ሁሉ የተጻፉት ከዚህ ተነሥተው ነው።

ልጄ ወፍሯል፤ ሽንቱንም መቋጠር አቅቶታል። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ?

ብዙ ጊዜ ይገናኛሉ፣ ነገር ግን አገናኙ መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። በሆድ ዙሪያ የተከማቸ ስብ በሆድ ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚጨምር ፊኛው ከላይ ይጫናል፤ ልጁ ሲሮጥ፣ ሲስቅ ወይም ሲያስል ጠብ የሚለው ሽንት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከዚህ ባልተናነሰ ግን ከውፍረቱ ጋር አብረው የሚገኙ ሌሎች ነገሮች፣ ማለትም የሆድ ድርቀት፣ ማንኮራፋት፣ ጣፋጭ መጠጥ ማብዛትና በደም ውስጥ ያለ ስኳር መጨመር፣ እያንዳንዳቸው ፊኛውን በየራሳቸው መንገድ ያውካሉ። ቀጫጭን ልጆችም ሽንት ያመልጣቸዋል፤ ስለዚህ ውፍረቱን ብቻ ጥፋተኛ አድርጎ «መጀመሪያ ይቅጠንና እናያለን» ማለት በእኔ አስተያየት ወላጆች በብዛት የሚሠሩት ስሕተት ነው። ክብደት የሚስተካከለው በወራትና በዓመታት ሲሆን የሽንቱ ችግር ግን በአብዛኛው ከዚያ አስቀድሞ ሊረዳ ይችላል።

ልጄ ደልዳላ ነው እንጂ ወፍራም አይደለም ይሉኛል። በምን ይታወቃል?

በዓይን አይታወቅም፤ በአዋቂ ሰንጠረዥም አይለካም። የልጁ ክብደት በኪሎግራም ተለክቶ በሜትር ለተለካው ቁመቱ ሁለት ጊዜ ይካፈላል፤ ውጤቱም የዓለም ጤና ድርጅት በዕድሜና በጾታ ለይቶ ካወጣው ሰንጠረዥ ጋር ይነጻጸራል። ለምሳሌ ቁመቱ 1.38 ሜትር፣ ክብደቱ 42 ኪሎ የሆነ የ10 ዓመት ወንድ ልጅ ውጤቱ 22 ይሆናል። ይህ ቁጥር ለአዋቂ ጤናማ የሚባል ሲሆን ለዚህ ልጅ ግን ከልክ ያለፈ ውፍረት ከሚጀምርበት 21.4 በላይ ነው። አያቶች «ወዘናው አምሮበታል» ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ ልጅ ሲከሳ ማየት የበለጠ ያስፈራ በነበረበት ዘመን ያደጉ ናቸውና።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ መለየት አለበት። ልጁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ድንገት «የወፈረ» ከሆነ፣ ጠዋት ሲነሣ ዓይኑ ዙሪያ ካበጠ፣ እግሩን በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ከቀረና ሽንቱ አረፋ ከበዛበት፣ ይህ ውፍረት ሳይሆን ከኩላሊት ሕመም የሚመጣ እብጠት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መመርመር ይኖርበታል።

ሐኪሙ ስለ ሽንቱ ስጠይቀው ስለ ሰገራው መጠየቅ ጀመረ። ምን አገናኛቸው?

ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀዎት። ፊኛና የትልቁ አንጀት መጨረሻ በአንድ ጠባብ ዳሌ ውስጥ ፊትና ኋላ ሆነው የተቀመጡ ናቸው። አንጀቱ በደረቅ ሰገራ ሲሞላ ፊኛውን ከኋላ ይጫነዋል፤ ፊኛውም የሚይዘው መጠን ያንሳል፣ ሳይሞላ ይኮማተራል፣ ወይም ሲሸና ሙሉ በሙሉ ሳይራገፍ ይቀራል። የቀረው ሽንት ደግሞ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል።

ብዙ ወላጆች «የኔ ልጅ በየቀኑ ይወጣል፣ ድርቀት የለበትም» ይላሉ። በየቀኑ የሚወጣ ልጅም ጥቂት ጥቂት ብቻ እያወጣ ሌላው ሊጠራቀምበት ይችላል። ምልክቶቹ የሚወጣው ሰገራ እንደ ጠጠር የደረቀ ወይም ለልጅ የማይመስል ግዙፍ መሆን፣ ሲወጣ ማመምና በውስጥ ሱሪው ላይ ትንሽ እድፍ መታየት ናቸው። ይህን እድፍ ቤተሰቡ «በደንብ አልታጠበም» ወይም «ተቅማጥ ነው» ብሎ ሲያልፈው፣ በእውነቱ ግን ከደረቀው ሰገራ ጎን ሾልኮ የሚወጣ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ሐኪሙ ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ላክቱሎስ፣ ሊያዝዝ ይችላል፤ መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ ለሳምንታት ሳይሆን ለወራት ይወሰዳል። ልጁ አንድ ሳምንት በደንብ ሲወጣ መድኃኒቱን ማቋረጥ ችግሩን መልሶ ይጠራዋል፤ የተለጠጠ አንጀት ወደ ቦታው ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋልና። ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ልጁ በየዕለቱ ከቁርስ ወይም ከእራት በኋላ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ሳይጣደፍ መጸዳጃ ቤት እንዲቆይ ማስለመድ ይገባል፤ ምግብ ሆድ ሲገባ አንጀት የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ነው። ከምግብ በኩል ባቄላ፣ ቦሎቄ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የገብስ ቆሎና ፓፓያ ይረዳሉ፤ ነጭ ዳቦና ማካሮኒ የሚበዛበት ማዕድ ግን ድርቀቱን ያብሳል። ተልባም ከበቂ ውሃ ጋር ቢሰጥ ጥሩ ነው። ኮሶ ግን ለዚህ አይደለም፤ በሳሙና ውሃ ሆድ ማጠብም በልጅ ላይ ሊሞከር አይገባም።

ትምህርት ቤት ውሎ ሲመለስ ሁልጊዜ በር ላይ ይሸናበታል። ለምን እዚያው አይሸናም?

ስለማይፈልግ ሳይሆን ስለማይችል ሊሆን ይችላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ከቤት ወጥቶ 9 ሰዓት ተኩል የሚመለስ ልጅ፣ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ ከሌለው፣ በሩ የማይዘጋ ከሆነ ወይም ሌሎች ልጆች የሚያሾፉበት ከሆነ ስምንት ሰዓት ሙሉ ይቋጥራል። ከዚያ ባጃጁ ኮብልስቶኑ ላይ እየነጠረ ሲመጣ እግሩን አጣምሮ ይይዘዋል፤ ሴት ልጅም ብትሆን ተረከዟ ላይ ቁጢጥ ብላ እንደምትጫወት ትመስላለች። የቤቱ በር ሲታይ የተያዘው ሁሉ ይለቀቃል። እናት የምታየው የመጨረሻዋን ደቂቃ ብቻ ስለሆነ «እዚህ ደርሰህ?» ብላ ትቆጣለች።

ወፍራም ለሆነ ልጅ ሌላም ችግር አለ። የአብዛኛው ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቁጢጥ የሚባልበት ነው፤ ልጁ ሙሉ በሙሉ ቁጢጥ ማለት ከከበደው ወይም ወለሉ ከቀፈፈው በግማሽ ጎንበስ ብሎ ይሸናል። በዚህ አኳኋን የጭኑና የዳሌው ጡንቻዎች ስለሚወጠሩ ፊኛው በደንብ አይራገፍም። ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት ወይም ጠንካራ እንጨት ማስተከል ለትምህርት ቤቱ ብዙ ወጪ አይደለም። ከዚህ በተጨማሪ ከክፍሉ ኃላፊ መምህር ጋር ተነጋግሮ ልጁ እጅ ሳያወጣና ሳያስፈቅድ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ እንዲወጣ መስማማት ይቻላል። በቀን ከአራት እስከ ሰባት ጊዜ መሽናት የተለመደ ነው። ልጁ ስሜቱ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም፤ ሰዓቱ ሲደርስ መሄድ ነው ያለበት።

ውሃ ብቀንስለት አይሻለውም?

አይሻለውም። ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልጠጣ ልጅ ሽንቱ ይወፍራል፣ ፊኛውን ይቆጠቁጠዋል፣ ሰገራውም ይደርቃል። በሐዋሳ ሙቀት ይህ ይባባሳል። ከ4 እስከ 8 ዓመት የሆነ ልጅ በቀን ከ1 እስከ 1.4 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያስፈልገዋል፤ ዋናው ነገር አብዛኛውን እስከ 10 ሰዓት ድረስ ጠጥቶ መጨረሱ፣ ከእራት በኋላ ደግሞ መቀነሱ ነው። ውሃ ነው ያልሁት፤ ለስላሳ መጠጥ አይደለም። አንዱ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር፣ ማለትም ሰባት ወይም ስምንት የሻይ ማንኪያ፣ ይይዛል። ሻይና ቡና ደግሞ በውስጣቸው ባለው ካፌይን ምክንያት ፊኛን ስለሚቀሰቅሱ፣ በተለይ ማታ ማታ ለልጆች ባይሰጡ ይመረጣል።

ልጃችን 8 ዓመቱ ነው፤ አሁንም አልጋ ላይ ይሸናል። በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው?

ከሚያስቡት በላይ ብዙ ልጆች ላይ ይታያል። ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሌሊት ቢሸና እንደ ሕመም አይቆጠርም። በ5 ዓመት ዕድሜ ከ100 ልጆች 15 ያህሉ፣ በ10 ዓመት ወደ 5 ገደማ፣ በ15 ዓመት ደግሞ 1 ወይም 2 ልጆች አልጋ ላይ ይሸናሉ። በየዓመቱም ከእነዚህ ልጆች 15 በመቶ ያህሉ ያለ ሕክምና ይተዉታል። ነገሩ በዘር ይወርዳል፤ አባት ወይም እናት በልጅነታቸው ይሸኑ ከነበረ የልጁ ዕድል 44 በመቶ፣ ሁለቱም ከነበሩ 77 በመቶ ገደማ ነው። «ሽንታም» እያለ ልጁን የሚጠራ አባት አንዳንዴ የገዛ እናቱን ቢጠይቅ ደግ ነበር።

የስፖንጅ ፍራሹን ጎረቤት በሚያየው አጥር ላይ ማስጣት፣ ልጁን በእኅት በወንድሞቹ ፊት ማሳፈር ወይም መግረፍ አንድም ሌሊት አያደርቅም። ፍራሹን በላስቲክ ሸፍኖ አንሶላ ማንጠፍ፣ ልጁ ከመተኛቱ በፊት እንዲሸና ማድረግና ጠዋት አንሶላውን ያለ ቁጣ አብሮ ማንሣት ይበቃል። ይህ ካልረዳ ሐኪም ሽንት ሲነካው የሚጮህ የማንቂያ መሣሪያ ወይም ሌሊት የሚመረተውን ሽንት የሚቀንስ ዴስሞፕሬሲን የተባለ መድኃኒት ሊያዝዝ ይችላል። መድኃኒቱን የወሰደ ልጅ ግን ከመውሰዱ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ጀምሮ ለስምንት ሰዓት ያህል ውሃ ማብዛት የለበትም፤ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ወርዶ ሊያንዘፈዝፈው ይችላልና።

ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ደርቆ የቆየ ልጅ እንደገና መሽናት ከጀመረ ጉዳዩ የተለየ ነው። ስኳር፣ ኢንፌክሽን፣ ድርቀት ወይም በቤትና በትምህርት ቤት የደረሰበት የሚያስጨንቅ ነገር መኖሩ ይፈተሻል።

ሲተኛ በኃይል ያንኮራፋል። ይህም ከሽንቱ ጋር ይያያዛል?

ይያያዛል፤ ብዙ ሰው የማይጠረጥረውም ይኸው ነው። ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለበት ልጅ በአንገቱ ዙሪያ ባለው ስብና ባበጠ ቶንሲል ምክንያት በእንቅልፉ የአየር መንገዱ ሊጠብበት ይችላል። ትንፋሹ ለቅጽበት ቆም ብሎ በድንገት ተንፈቅፍቆ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ በደረት ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ልብን ስለሚለጥጥ፣ ልብ ኩላሊት ብዙ ሽንት እንዲያመርት የሚያደርግ ሆርሞን ይለቅቃል። እንቅልፉ የተቆራረጠ ልጅ ደግሞ ፊኛው ሲሞላ መንቃት ያቅተዋል፤ ቀን ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ይነጫነጫል። ቶንሲሉ ትልቅ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ማንኮራፋቱ ብቻ ሳይሆን በብዙ ልጆች ላይ የሌሊት ሽንቱም ይቀንሳል።

እንጥል ማስቆረጥ ግን መፍትሔ አይደለም። ለደም መፍሰስና ለከባድ ኢንፌክሽን የሚዳርግ ጎጂ ልማድ ነው። ልጁ ሲተኛ በስልክዎ ለሁለት ደቂቃ ቀርጸው ለሐኪሙ ቢያሳዩት ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

ሴት ልጄ ሸንታ እንደተነሣች ውስጥ ሱሪዋ ይረጥባል። ፊኛዋ ደክሞ ነው?

በአብዛኛው ፊኛዋ ጤነኛ ነው። ጭኖቿ ተጋጥመው ስትሸና የተወሰነው ሽንት ወደ ብልቷ ውስጥ ይገባና ስትቆም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይወርዳል። ውስጥ ሱሪዋን እስከ ቁርጭምጭሚቷ አውርዳ፣ ጉልበቶቿን ሰፋ አድርጋ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ እንድትሸናና ስትጨርስ ትንሽ ቆይታ እንድትነሣ ያስተምሯት። መቀመጫ ባለው መጸዳጃ ከሆነ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ብትቀመጥ ጭኖቿ በግድ ይከፈታሉ። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይስተካከላል። ከተወለደች ጀምሮ ቀንም ሌሊትም ጠብ ጠብ ሲል አንድም ቀን ደርቃ የማታውቅ ከሆነ ግን የሽንት ቱቦው አፈጣጠር ይመረመራል።

የወንድ ልጄ ብልት ትንሽ ሆኖ ይታየኛል።

በታችኛው ሆድ ስብ ውስጥ ስለሚደበቅ ነው እንጂ ብዙ ጊዜ መጠኑ ለዕድሜው ትክክል ነው። ሐኪም ስቡን ወደ ኋላ ተጭኖ ይለካዋል። ችግሩ ሽንቱ ቆዳው ላይ ሲቀር የሚፈጠረው መላላጥና ኢንፌክሽን ስለሆነ፣ ሲሸና ስቡን በእጁ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ይዞ እንዲሸናና በደንብ እንዲደርቅ ማስለመድ ነው። ገና ያልተገረዘ ከሆነ አስቀድሞ ሐኪም ይየው፤ ተደብቆ ያለ ብልት ሲገረዝ ጠባሳው ሊቋጥረው ይችላል።

ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ቶሎ ቶሎም ይሸናል፤ አንገቱም ጠቁሯል።

አንገቱን በሳሙናና በመፈተጊያ አይፈትጉት፤ እድፍ አይደለም። በአንገት ዙሪያና በብብት የሚታየው ጥቁርና ወፈር ያለ ቆዳ ሰውነቱ ለኢንሱሊን በደንብ እየታዘዘ አለመሆኑን ያመለክታል። ከጥማትና ከብዙ ሽንት ጋር ከተገናኘ የደም ስኳሩ በዚያው ዕለት መለካት አለበት፤ ምርመራው በጤና ጣቢያ ይሠራል። ከቁርስ በፊት በዴሲሊትር 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ፣ ወይም ምልክት ባለበት ልጅ በማንኛውም ሰዓት 200ና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመም ነው። ወፍራም የነበረ ልጅ ሳይሞክር በፍጥነት ሲከሳ «ተመስገን» ከማለት በፊት ይህ ምርመራ ይቅደም። የደም ግፊቱም አብሮ ይለካ፤ ለክንዱ ውፍረት የሚመጥን መለኪያ ካልተጠቀሙ ግን ያልኖረ ግፊት ሊያሳይ ይችላል።

ሲሸና ያቃጥለዋል። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ልግዛለት?

አይግዙ። መጀመሪያ የሽንት ምርመራ፣ ከተቻለም ተሕዋሲውን አሳድጎ የሚለየው የካልቸር ምርመራ ይደረግ። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ የሚወሰድ ሽንት ተሕዋሲውን ደብቆ ሐኪሙን ያሳስታል። ኢንፌክሽኑ ከተደጋገመ ወደ ድርቀቱና ወደ መቋጠሩ መመለስ ያስፈልጋል።

ሐይቁ ውስጥ ይታጠባል፤ ሽንቱ ላይ ደም አየሁ። ቢልሃርዚያ ነው?

በሐዋሳ ሐይቅ የሚታወቀው የቢልሃርዚያ ዓይነት አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃው ነው፤ ፊኛን የሚያጠቃው ዓይነት በአገራችን የሚታወቀው እንደ መካከለኛው አዋሽ ባሉ ቆላማ ሥፍራዎች ነው። ስለዚህ ልጁ ወደዚያ አካባቢ ሄዶ እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ኢንፌክሽን፣ የኩላሊት ጠጠርና የኩላሊት መቆጣትም መታየት አለባቸው። ሽንትን ሊያቀላ የሚችል ቀይ ሥር በልቶ እንደሆነም ያስታውሱ፤ ስንቱ እናት በከንቱ ደንግጣለች።

ክብደቱን በምን እንቀንስለት?

በማደግ ላይ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ መክሳት ሳይሆን ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ እንዲደርስበት ነው የሚፈለገው። ለእሱ ብቻ የተለየ ሳሕን ማቅረብ ያስከፋዋል፤ የቤቱ ማዕድ በሙሉ ይለወጥ። በትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ ብስኩትና ቺፕስ በቆሎ እሸት ወይም በሙዝ ይተኩ። ስኳር ተጨምሮበት በትልቅ ብርጭቆ የሚቀርብ ስፕሪስ ፍራፍሬ መብላት ማለት አይደለም፤ ቡርሳሜም በዓመት በዓል ቅቤው በዝቶ ቢቀርብ የሚያስከፋ ባይሆንም ለዘወትር ይከብዳል። ልጆች በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ሐዋሳ ደግሞ ሜዳማ ከተማ ናት፣ ብስክሌት ለመንዳት የምትመች። ሲሮጥ ሽንት ስለሚያመልጠው ከጨዋታ የሚሸሽ ልጅ እየወፈረ ይሄዳል። የሽንቱን ችግር አስቀድሞ ማከም የሚያስፈልገው አንድም ለዚህ ነው።

ወዲያውኑ ሆስፒታል የሚያስኬደው ምንድን ነው?

ብዙ ከመሽናትና ከመጠማት ጋር ማስመለስ፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ ወይም መፍዘዝ ካለ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጎን ሕመም ጋር፣ ጨርሶ መሽናት አለመቻል፣ የእግር መዛል ወይም የአረማመድ መለወጥም እንዲሁ ናቸው። በታችኛው ወገቡ ላይ ጎድጓዳ ምልክት ወይም የፀጉር ጉንጉን ካለ፣ ባይቸኩልም ለሐኪሙ ሳያሳዩት አይቅሩ።

ወደ ሐኪም ስንሄድ ምን ይዘን እንሂድ?

የሁለት ቀን መዝገብ ይዘው ይሂዱ። ቅዳሜና እሑድ ልጁ በሸና ቁጥር መጠኑ በተጻፈበት የላስቲክ ጆግ ይለኩና ሰዓቱን፣ መጠኑን፣ የጠጣውንና ያመለጠውን በደብተር ይጻፉ። ፊኛው ሊይዝ የሚገባው በግምት ዕድሜው ላይ አንድ ተደምሮ በ30 ሲባዛ የሚገኘው ሚሊ ሊትር ነው፤ የ8 ዓመት ልጅ 270 ገደማ መያዝ ይችላል። በየጊዜው 80 ወይም 90 ብቻ የሚሸና ከሆነ፣ ወይም በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ሄዶ 500 የሚሸና ከሆነ፣ ሐኪሙ ገና ደብተሩን ሲገልጥ ችግሩ የት እንዳለ ማየት ይጀምራል። ሰገራ የወጣበትንም ቀን በዚያው ገጽ ላይ ያስፍሩ፤ መጻፉን ለልጁ ቢተዉለት ደግሞ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይሠሩታል።